ከአስፋልቱ በታች ያለችው ደብረ ሲና

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ሲናን የሚያውቃት በጭጋጓና በገብስ ቆሎዋ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ጠመዝማዛውን ይወርዳል፤ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከቡታል፤ ገዝቶ፣ እየቆረጠመ፣ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ይቀጥላል። ከመንገዱ ዳር የተደረደሩት ሱቆችና ምግብ ቤቶች ለእሱ ባለ አንድ ደርብ ናቸው። ከቁልቁለቱ በኩል ዞሮ ቢያያቸው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአስፋልቱ ከፍታ ካለው ወለል ሥር ሌላ ወለል አለ፤ አንዳንዴም ከዚያ ሥር ሌላ። ልብስ የተሰጣበት፣ ጭስ የሚወጣበት፣ ሕፃን የሚያለቅስበት።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ የታችኛው ቤት ነው። ፖለቲካ ለለመደ አንባቢ ነገሩ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ግን ታገሡኝ። ማን ከላይ ይኖራል፣ ማን ከታች ይኖራል የሚለው ጥያቄ በሸዋ ታሪክ ውስጥ ትንሽ ሆኖ አያውቅም።

በአማርኛችን «ምድር ቤት» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ከፎቁ ሥር በመሬት ወለል ያለውንም፣ ከመሬት በታች የተቀበረውንም እንዲሁ ነው የምንጠራው። ቃሉ የተድበሰበሰው በስንፍና አይመስለኝም። በተራራ አገር ሁለቱ አንድ ናቸውና ነው። ተዳፋት ላይ የቆመ ቤት አንድ ጎኑ ሜዳ ሲሆን ሌላው ጎኑ አፈር ውስጥ ነው። ከፊት ሲያዩት ምድር ላይ ያለ፣ ከኋላ ሲያዩት የተቀበረ።

ይህን ክፍል ሳይለሰን፣ ወለሉ አፈር እንደሆነ፣ በጣውላና በአሮጌ ቆርቆሮ ተሞልቶ የሚተዉት ቤቶች ብዙ ነበሩ። አሁን ግን መሬት በሊዝ፣ ኪራይ በደላላ ከሆነ ወዲህ ባለቤቱ ዓይኑን ወደ ታች አዙሯል። ግድግዳው ይለሰናል፣ ወለሉ ሴራሚክ ይነጠፍበታል፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ይሆናል፣ ነጭ መብራት ይንጠለጠላል። አዲስ አበባ ላይ «ስቱዲዮ» ይባላል፤ በክፍለ ሀገር ከተሞች «አንድ ክፍል ከነ መጸዳጃው» ይባላል። እኔ ይህን ሥራ አልቃወምም። ሰው የሚያድርበት ጣሪያ በጠፋበት ዘመን ባዶ የተቀመጠን ክፍል ወደ መኖሪያ መቀየር ብልኅነት ነው። የምቃወመው የምናጠናቅቀውን ነገር መሳሳታችንን ነው። ዓይን የሚያየውን እናጠናቅቃለን፤ ከጀርባ ያለውን እንተዋለን። የጥንቶቹ የዚህ ተራራ ሰዎች ግን ከጀርባ ያለውን አስቀድመው ያስቡ ነበር።

እስቲ ከሩቅ እንነሣ። ከሸዋ ሮቢት ብዙ ሳይርቁ፣ የይፋት ተዳፋት ላይ፣ ኖራ፣ አስባሪና ማሳል የሚባሉ የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ከተሞች ፍርስራሽ አለ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ አጥንተው ለዓለም አስተዋውቀዋቸዋል። የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው የይፋት ሱልጣኔት አገር ነው። ሰዎቹ ሜዳውን ትተው ተዳፋቱን መርጠዋል፤ ከቆላው ሙቀትና ወባ ከፍ ብለው፣ ከደጋው ብርድ ዝቅ ብለው፣ የንግዱን መንገድ ቁልቁል እያዩ። በተዳፋት ላይ ድንጋይ በድንጋይ ሲሠሩም የመጀመሪያው ሥራቸው እርከን ነበር። ቤቱ ከመነሣቱ በፊት ተራራው ደረጃ ደረጃ ይሆናል፤ እርከኑን የሚይዘው ግንብ ሌላ፣ የቤቱ ግድግዳ ሌላ። ወደ ከሚሴ አቅጣጫ ከሄዱ የአርጎባዋ ሾንኬ እስከ ዛሬ ሰው እየኖረባት ይህንኑ የድንጋይ አሠራር ታሳያለች። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ደጋ ላይ ደግሞ ምድር ቤት የከብት ነበር። በላስታ፣ በተለይ በላሊበላ፣ ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶችን ያየ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፤ ከብቱ ከታች፣ ሰው ከላይ፣ ደረጃው ከውጭ። የከብቱ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌባም ከብቱን ለመንዳት በባለቤቱ እግር ሥር ማለፍ አለበት። ደርብ በሌለበት የደጋ ቤት እንኳ ሰው ከመሬት ከፍ ብሎ መደብ ላይ ነው የሚተኛው። ወለል ላይ የሚተኛው ጥጃው ነው። ሕጉ አልተጻፈም፤ ግን ግልጽ ነው። ለመሬት ቅርብ የሆነው ቦታ እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ የሰው መኝታ አይደለም።

ከመሬት በታች ያለውን ነገር በደንብ የሚያውቀው ግን ማሽላ አምራቹ ነው። በቆላውና በወይና ደጋው የእህል ጉድጓድ የቆየ ልማድ ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል። ቦታው ዝም ብሎ አይመረጥም፤ ውሃ የማይተኛበት፣ ጎርፍ የማይመጣበት፣ አፈሩ ጠንካራ የሆነ ይፈለጋል። ውስጡ በጭቃና በእበት ይለቀለቃል፣ ገለባ ይነሰነስበታል፣ ከዚያ እህሉ ይገባል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ግድግዳውን የነካው እህል ይሻግታል፤ ጉድጓድ የከረመ ማሽላ ጠረኑ ይለያል። ገበሬው ይህን ኪሣራ ቆጥሮ ነው የሚገባበት። መሬት እንደሚያልብ ያውቃል።

አንድ ሌላ ነገርም ያውቃል። ጉድጓዱ ሲከፈት ወዲያው አይገባበትም። እህሉ ራሱ ይተነፍሳል፤ የታፈነው ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል። ቸኩሎ የገባ ሰው እዚያው ይቀራል፤ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛውም እንዲሁ። ስለዚህ ይከፈትና ይናፈሳል፣ ይጠበቃል፣ ከዚያ ነው የሚወረደው። ኬሚስትሪ ያልተማረ ሰው ከመሬት በታች ያለ አየር የሚገድል አየር ሊሆን እንደሚችል ያውቅ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ከብት፣ እህል። ሦስተኛው የምድር ቤት ነዋሪ እስረኛ ነው፤ ይህ ታሪክ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ እዚያው ይፋት ነው።

በአገራችን ነገሥታት የዙፋን ተቀናቃኝ ዘመዶቻቸውን የሚያስሩበት ቦታ ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው አምባ ግሸንንና ወህኒን ነው። ሁለቱም ከፍታ ናቸው። ተራራው ራሱ ግድግዳ ነበር። የሸዋ ነገሥታት ግን ሌላ ዘዴ ነበራቸው፤ ጎንቾ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ጎንቾ የይፋቱ ገዥ የወላስማ መሐመድ መቀመጫ ነበር። በ1830ዎቹ ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ኮርንዋሊስ ሃሪስ እንደጻፈው የንጉሡ የሥጋ ዘመዶች በሰንሰለት ታስረው የሚኖሩት በዚያ ስፍራ በነበሩት ከምድር በታች ባሉ ክፍሎች ነው። ወላስማው የድንበር ገዥም፣ የመንግሥት እስር ቤት ኃላፊም ነበር። ሃሪስ ንጉሡን ለምኖ ሰባት መሳፍንት እንደተፈቱ በመጽሐፉ ይተርካል። የውጭ ሰው ስለ ራሱ ውለታ ሲጽፍ ትንሽ ጨው ይጨምራል፤ ያንን አንባቢ ይቀንስ። ዋናው ነገር ግን ቦታው ነው። ለዘመናት የይፋት ጌቶች የነበሩት የወላስማ ቤተሰብ ወራሽ በሸዋ ንጉሥ ስም ከላይ ይቀመጣል፤ የሸዋ ንጉሥ የገዛ ዘመዶች ከታች ይታሰራሉ። የሥልጣን ንድፍ እንዲህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተጽፎ ማየት ብርቅ ነው።

ይህ ንድፍ ሸዋን ለቆ አዲስ አበባ ሲገባም አልተቀየረም። በ1966 ዓ.ም. ደርግ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ሹማምንት እየለቀመ ሲያስር ብዙዎቹ የቆዩት በምኒልክ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ግብር ሲበሉበት፣ ሹመት ሲቀበሉበት ከነበረው ወለል ሥር። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ ለመርማሪ ኮሚሽኑ የጻፉት በዚያ የእስር ጊዜ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት እሳቸውን፣ ልጅ እንዳልካቸው መኮንንን፣ ራስ አስራተ ካሣንና ሌሎችን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ተረሸኑ። ከ2012 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ግቢው አንድነት ፓርክ ሆኖ ስለተከፈተ የቤተ መንግሥቱን ምድር ቤት ዛሬ ቲኬት ቆርጦ የገባ ሁሉ ያየዋል። ታድሷል፣ ተጠርጓል፣ መብራት ገብቶለታል። ወደዚያ የወረደ ሰው ግን በመጀመሪያ የሚሰማው ያው የድሮው ነገር ነው፤ የጣሪያው ዝቅታና የአየሩ ክብደት።

ወደ ደብረ ሲና እንመለስ። እዚህ ያለው ምድር ቤት የተወለደው ከእስር ቤትም ከጎተራም አይደለም፤ ከመንገድ ነው።

የጣሊያን ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠብቆታል። ጠግኖ ለማለፍ መቆም ነበረበት። ከተማውን ከያዘ በኋላ ያንን ገደል ዳግም እንዳይፈራው ይመስላል፣ ተራራውን ፈልፍሎ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ሠራ፤ ጠመዝማዛውንም አስተካከለ። ሰው እስከ ዛሬ «የሙሶሎኒ ዋሻ» ይለዋል። መንገድ ሲመጣ ከተማ ፊቱን ወደ መንገድ ያዞራል። ዳገት ላይ ግን ለሁሉም የሚበቃ የመንገድ ዳር የለም። በተራራው በኩል ያለው ሰው ተራራውን ቆርጦ ቤቱን ይሸጉጣል። በገደሉ በኩል ያለው ደግሞ ፊቱን አስፋልቱ ላይ ሊያደርግ ከፈለገ የኋላውን ከታች በግንብ ማንሣት አለበት። ያ ግንብ ባዶ ሆድ ይኖረዋል። ባዶው ሆድ በመጀመሪያ በድንጋይና በአፈር ይሞላል፤ ብልኅ ባለቤት ከሆነ ባዶውን ይተወዋል፤ ማገዶ ይገባበታል፣ ዶሮ ይገባበታል፣ ከዓመታት በኋላ በር ይገጠምለታል።

ልዩነቱን ልብ በሉ። የአዲስ አበባ ምድር ቤት በኤክስካቫተር የተቆፈረ ነው። የደብረ ሲና ዓይነቱ ከታች ተነሥቶ የተደገፈ ነው። የአዲስ አበባው በአራቱም ጎን አፈር አለው፤ የደብረ ሲናው አንዱ ጎኑ አየር ላይ ነው፣ ያውም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ሜዳ። ጭጋግ ባልሆነ ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ፊት ለፊቱ ነው። ከላይ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው ባለቤት አስፋልትና አይሱዙ ሲያይ፣ ከታች ያለው ተከራይ ያን ሁሉ ቆላ ያያል። ስለዚህ ደብረ ሲና ላይ ምድር ቤትን ምቹ መኖሪያ ማድረግ አይቻልም የሚል ሰው ቦታውን አላየም። በአገሪቱ ውስጥ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ተፈጥሮ ያለው ከተማ ጥቂት ነው።

ታዲያ ለምንድን ነው የታችኛው ክፍል የድኻ የሆነው? እዚህ ላይ ተራራውን ትተን ሕጉን እንይ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ ማከራየት የመንግሥት ሥራ ሆነ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ለድኻው ያኔ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን በየከተማው ሁለት ነገር ተከተለ። ወርኃዊ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ቀበሌ ደግሞ ኪራይ እንጂ ጥገና አያውቅም ነበር። የመኳንንትና የነጋዴ ትልልቅ ቤቶች ተከፋፍለው ፎቁ ለአንዱ፣ ምድር ቤቱ ለሌላው፣ የፈረስ ጋጣው ለሦስተኛው ተሰጠ። ሁለተኛው ነገር «ደባል» ነው። ማከራየት በተከለከለበት ዘመን ሰው ዘመዱን፣ የአገሩን ልጅ፣ ወይም «ዘመዴ ነው» የሚለውን ሰው በጓዳው አስጠጋ። ደባል የሚገባው ሳሎን አይደለም። ወደ ሰርቪስ ቤት፣ ወደ ቆጥ፣ ወደ ምድር ቤት ነው። ውል የለውም፣ በመዝገብ የለም፣ ቤቱ ላይ ምንም ነገር ሲደርስ ቆጣሪ አይደርሰውም።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ተቀየረ፣ ማከራየት ተፈቀደ፣ የሊዝ አዋጅ ወጣ፣ እንደገናም በ2004 ዓ.ም. በቁጥር 721 ተሻሻለ። የደባል ኑሮ ግን ስሙን ቀይሮ ቀጠለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል እንዲመዘገብና የኪራይ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ስለ ዋጋና ስለ ዘመን የተጨነቅነውን ያህል ስለ ክፍሉ ሁኔታ አልተጨነቅንም። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ዓ.ም. የአንድን ሕንፃ አገልግሎት የሚቀይር ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ማገዶ ቤትን መኝታ ቤት ማድረግ የአገልግሎት ለውጥ ነው። ይህን ፈቃድ ለምድር ቤቱ የጠየቀ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? አዲስ አበባ ውስጥ ከተማ አስተዳደሩ በሕንፃ ምድር ቤቶች ጉዳይ ሲሟገት የኖረው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ንድፉ የጸደቀ ምድር ቤት ሱቅ፣ መጋዘንና ምግብ ቤት ሆኖ ሲገኝ «ወደ ማቆሚያነት መልሱ» ማለት። መኪና ስለጠፋበት ቦታ ተከራክረናል፤ ሰው ስለሚተነፍስበት አየር ብዙም አልተከራከርንም።

አሁን ወደ ተራራው ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ተራራው ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ በብርቱ ዝናብና በመሬት መንቀጥቀጥ ተዳፋቱ ተንዶ ቤትና ሰው ጠርጎ እንደወሰደ በዚያ የነበሩ አውሮፓውያን መዝግበዋል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ከካራቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ፣ በካራቆሬ ብዙ ቤት ጣለ፣ የአዲስ አበባ–አስመራን መንገድ ሰነጠቀ። በ1998 ዓ.ም. መባቻ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከደብረ ሲና ብዙ በማይርቀው ይዛባ ወይን ትልቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶ የገበሬ ቤትና ማሳ ይዞ ሄደ። የመሬት ሳይንስ ባለሙያዎች ምክንያቱን ሲያጠኑ ያገኙት ተደራራቢ ነገር ነው፤ ቁልቁለቱ፣ የበሰበሰው የእሳተ ገሞራ ዓለትና ከላይ የተከመረው ልል አፈር፣ ከሁሉም በላይ ውስጡ የተጠራቀመው ውሃ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ 5.8 የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ሲያወዛውዝ ሁላችንም አልጋችን ላይ ሆነን ቆጥረነዋል። ስምጥ ሸለቆው ቅርብ ነው። ደብረ ሲና የተቀመጠችው ጠርዙ ላይ ነው።

እንግዲህ በዚህ ተዳፋት ላይ ምድር ቤቱን ለመኖሪያ ሊያስተካክል የተነሣ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ሴራሚክ መምረጥ ሊሆን አይችልም። ከአስፋልቱ በኩል ያለው የኋላ ግድግዳ ግድግዳ ብቻ አይደለም። አፈር ተሸክሟል፤ ከአፈሩ በላይ ደግሞ መንገድና ከባድ መኪና አለ። ደረቅ አፈር አንድ ነገር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ የጠጣ አፈር ሌላ ነው፣ ግፊቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ባዶ ብሎኬት ለክፍልፋይ እንጂ ለዚህ ሸክም አልተሠራም። ያ የኖራና የሾንኬ ልዩነት እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። አፈሩን የሚይዘው ግንብ አንድ፣ የሰው ግድግዳ ሌላ፤ በመካከላቸው ውሃ የሚወርድበትና አየር የሚያልፍበት ክፍተት። ቦታ ይበላል፣ አዎ። ክፍሉ በአንድ ክንድ ይጠባል። ግን ግድግዳው አያልብም።

ክፍተት መተው ያልቻለ ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ሞልቶ ከታች ቱቦ አድርጎ ውሃውን ወደ ጎን ማውጣት፣ በግንቡም ላይ ማስተንፈሻ ቀዳዳ መተው ይችላል። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ሲያልብ ከውስጥ በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ይሻግታል፣ እንደገና በዘይት ቀለም ይቀባል፣ ቀለሙ እንደ ቁስል ይነፋና ይላጣል፣ በመጨረሻ ጂፕሰም ቦርድ ይለጠፍበትና ከጀርባው ያለው ሻጋታ ከዓይን ይሰወራል። ተከራዩ በጥር ይገባል፣ ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ያምራል። በነሐሴ ልጁ ያስለዋል።

የጣሪያው ዝቅታም ሌላ ፈተና ያመጣል። ቁመት ለማግኘት ወለሉን ወደ ታች መቆፈር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከመሠረቱ ግርጌ በታች የወረደ ቁፋሮ ከላይ ያለውን ቤት እግሩን ይነቅለዋል። መሐንዲስ ሳያይ የሚደረግ ከሆነ ይህ ማደስ አይባልም። ከታች ለሚኖረውም ከላይ ለሚነግደውም አደጋው እኩል ነው፤ በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ተከራይና አከራይ ወንድማማች ናቸው።

አየሩስ? የክፍሉ በርና መስኮት ሁሉም በቆላው በኩል ነው፤ ከኋላ አፈር ስለሆነ ነፋስ የሚሻገርበት የለም። ደብረ ሲና ደግሞ ብርዳም ናት። ብርድ ሲመጣ በር ይዘጋል፣ ከሰል ይገባል። የከሰል ጭስ አልቆ ፍሙ ሲቀላ «ነዷል፣ አሁን አይጎዳም» እንላለን። የሚገድለው ግን ያኔ ያለው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ያስተኛል። ገበሬው ለማሽላ ጉድጓድ ያደረገውን ጥንቃቄ፣ ከፍቶ ማናፈስን፣ እኛ ለመኝታ ቤት ነፍገነዋል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ከኋላው ግድግዳ ጣሪያ ሥር ተነሥቶ ከላይኛው ቤት ጣሪያ በላይ የሚወጣ ቱቦ የደረቀ አየር እንዲዞር ያደርጋል። መጸዳጃና ዕቃ ቤት ወደ ተራራው፣ አልጋ ወደ ቆላው ቢሆን ሰው ከፀሐይ ጋር ያድራል። ብዙ ቦታ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ መጸዳጃው ለቱቦው ስለሚቀርብ በመስኮቱ በኩል ይቀመጥና አልጋው ወደ ጨለማው ይገፋል። በሩ አንድ ብቻ ሆኖ ማብሰያው ከበሩ አጠገብ ከሆነ ደግሞ እሳት ሲነሣ መውጫው ያው እሳቱ ነው። በብረት ፍርግርግ የታጠረ መስኮት መውጫ አይባልም፤ ከውስጥ የሚከፈት መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ አሁን የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከዚያም በፊትና በኋላ ከወለጋ ሰው ሲሰደድ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተጨናነቀች። በመጠለያ ያልቀረው ሰው በዚህ መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ክፍል ፈለገ። ተፈናቃይ ሲከራይ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ስንት ነው? ርካሹ ክፍል ደግሞ ሁልጊዜ ከታች ነው። ቤት አከራይ ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከላይ የሚኖሩት ሱቃቸው ጀርባ በአንድ ክፍል ነው፣ የታችኛው ኪራይ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ለዚህም ነው ነገሩ በቅጣት የማይፈታው። የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ መጥቶ «ዝጋው» ቢል ተከራዩ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ አከራዩ ገቢውን ያጣል፣ ክፍሉ ከስድስት ወር በኋላ በሌላ ተከራይ ይከፈታል። መሐንዲሱ መጥቶ «የኋላው ግንብ እዚህ ጋ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ይህን ቱቦ አውጣ፣ ይህን ፍርግርግ በማጠፊያ ቀይር፣ ከዚያ ፈቃድህን ውሰድ» ቢል ግን ሁለቱም ይተርፋሉ። የሚፈለገው የቀን ሠራተኛ፣ የአሸዋና የጠጠር ዋጋ ነው፤ ለጂፕሰሙ ከወጣው አይበልጥም።

ክፍል የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ደላላው በጥቅምት ወይ በጥር ሲያስጎበኛችሁ የኋላውን ግድግዳ ከወለል አንድ ክንድ ከፍ ብላችሁ በመዳፋችሁ ንኩት። ቀለሙ አዲስ የሆነው እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ባለፈው ክረምት የነበረውን ተከራይ ፈልጋችሁ ጠይቁት።